ስላይድ አልልክም፦ የጤና ጣቢያ ሠራተኞችን ስለ ኢንፌክሽን መከላከል እንዴት እንደማሠለጥን

ነርስ ከሆንኩ 19 ዓመት ሞላኝ። የተማርኩትም የተቀጠርኩትም ጅማ ነው። አሁን በከተማችንና በዙሪያዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎች እየዞርኩ ኢንፌክሽን መከላከልን፣ እኛ በሥራ ቋንቋችን «አይፒ» የምንለውን፣ አሠለጥናለሁ። ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ነርስ ደወለልኝ። «ሲስተር፣ ኃላፊያችን ለሠራተኛው የአይፒ ስልጠና ስጥ ብሎኛል፤ ስላይድ ካለዎት ይላኩልኝ» አለ። አልላክሁለትም። ቁጭ ብዬ ስልጠና ስሰጥ የማደርገውን ጻፍኩለት። ተራው ለደረሳችሁ ሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ አስፍቼ አቀረብኩት።

አስቀድሜ ግን የአሠራሬን መንገድ የቀየረችውን መርፌ ልንገራችሁ።

ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ጤና ጣቢያ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ደም የበዛባት ወላድ መጣች። ካኑላ፣ ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ፣ ከፈትኩላት፣ ኖርማል ሳላይን የሚባለውን የጨው ውሃ ሰቀልኩ፣ መርፌውን በጥጥ ጠቅልዬ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት። ሴፍቲ ቦክሱ፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን፣ ያለው ኮሪደሩን ተሻግሮ መርፌ ክፍል ስለነበር በኋላ እወስደዋለሁ ብዬ ነው። እናትየዋ ተረፈች፣ ልጇም ተረፈ። መርፌው ግን ከጥጡ ጋር ጥቁሩ ከረጢት ውስጥ ገባ። ጠዋት፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛ ከረጢቱን ለማሰር በእጃቸው ጫን ሲያደርጉት አውራ ጣታቸውን ወጋቸው። ወደ እኔ የመጡት ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ነው። «ልጄ፣ ትንሽ ነው የወጋኝ፤ ፕላስተር ካለሽ ስጪኝ» አሉኝ።

ፕላስተር ነው የጠየቁኝ። ሰባት ዓመት ያንን ግቢ ሲያጸዱ፣ ለተወጋ ሰው የሚሰጥ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት እንዳለ፣ ሰዓቱም ከወጋቸው ደቂቃ ጀምሮ እንደሚቆጠር የነገራቸው አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት የአይፒ ስልጠና ሦስት ጊዜ ተሰጥቷል። ሦስቱንም ጊዜ ወንበሩ ላይ የነበርነው እኛ ባለሙያዎቹ ነን፤ እትዬ ከኋላ ቡና ያፈሉልን ነበር። እያቅለሸለሻቸው 28 ቀን መድኃኒቱን ዋጡ። ምርመራቸው እስከ መጨረሻው ነጻ ወጣ፣ ተመስገን። ዛሬም ሕርማታ ገበያ ሳገኛቸው መጀመሪያ የማየው ጣታቸውን ነው።

አንዲት መርፌ ተከተሉ

ከስልጠናው አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ግማሽ ቀን ውሰዱና አንዲት ስሪንጅ ከተከፈተችበት እስከ ተቃጠለችበት ድረስ በእግራችሁ ተከተሏት። የወጋው ባለሙያ ሴፍቲ ቦክሱ ጋ ለመድረስ ስንት እርምጃ ሄደ? ክዳኑን መልሶ ገጠመው? ሳጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ተዘጋ ወይስ መርፌ በአፉ እስኪወጣ ድረስ ተጠቀጠቀ? ማን አነሣው፣ ምን ዓይነት ጓንት አድርጎ፣ የትስ አሳደረው? ማቃጠያው ጋ ስትደርሱ አመዱን ተመልከቱ፤ ሳይቃጠል የቀረ መርፌ አለ? አጥሩስ ልጅ ወይም ውሻ ያስገባል?

እንደዚሁ የማዋለጃ ክፍሉን ጨርቅ ተከተሉ፤ የእንግዴ ልጁን ባልዲ ተከተሉ። አንድ ቦታ ባልዲው ወደ ጉድጓዱ የሚሄደው ሕፃናት ለማስከተብ በተቀመጡ እናቶች መሀል ሰንጥቆ ነበር። ከማዋለጃው ጀርባ የተቆለፈ በር ነበር፤ ቁልፉ ተገኝቶ በሩ ተከፈተ፣ በቃ። ለዚያ በጀት አላስፈለገም፤ አንድ ሰው ባልዲውን ተከትሎ መሄድ ብቻ ነው የነበረበት።

ያያችሁትን ደብተር ላይ ጻፉ፤ የሰው ስም ግን አትጻፉ። የስልጠናችሁ ርዕሶች ደብተሩ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ።

ማን ይግባ፣ የት ይሁን

የጽዳት ሠራተኞች ፊት ይቀመጡ። ልብስ አጣቢዋ፣ ጥበቃው፣ ካርድ ክፍል፣ ላብራቶሪ፣ ሁሉም ይግቡ። አንዳንድ አሠልጣኞች ባለሙያውንና የጽዳት ሠራተኛውን ለየብቻ ያሠለጥናሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ስልጠናውን የምከፍተው ወደ ጽዳት ሠራተኞቹ ዞሬ «ባለፈው ወር ቆሻሻ ውስጥ ምን አገኛችሁ?» ብዬ ነው። መጀመሪያ ይፈራሉ። አንዷ ከጀመረች በኋላ መርፌው፣ ጣት ተወግቶ ደም የሚወሰድበት ላንሴት፣ የተሰበረው የመድኃኒት ብልቃጥ ይዘረዘራል፤ ነርሱም ሐኪሙም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ያንን ጸጥታ የሚያመጣ ስላይድ አላየሁም።

ንብረት ክፍሉን እንዳትረሱ። ዓርብ ከሰዓት ሳሙናው ያልቃል፣ የስቶሩ ቁልፍ ያለበት ሰው ሰኞ ይመጣል፣ መሀል ላይ ሁለት ሌሊት ሙሉ እናቶች ይወልዳሉ። ስለ እጅ መታጠብ የፈለጋችሁትን ያህል ብታስተምሩ ለእነዚያ ሁለት ሌሊቶች አይጠቅምም። ንብረት ክፍሉ እዚያው ስልጠናው ላይ «ዓርብ ጠዋት የሦስት ቀኑን አወጣለሁ» ካለ ትልቁን ሥራ ጨረሳችሁ።

ጅማ ላይ ከሠራተኛው ብዙው በኦሮምኛ ሲነገረው ይበልጥ ይመቸዋል። እኔ ሁለቱን ቋንቋ እያፈራረቅሁ እናገራለሁ። ኦሮምኛ ካልቻላችሁ የሚችል ባልደረባ አጠገባችሁ አቁሙ። ማንበብ ለማይችል ሰው ጽሑፍ ምንም ስለማያደርግለት ባልዲውን፣ ጓንቱን፣ ሳጥኑን አስይዙት። ሰውየውን አዳራሽ ውስጥ ሙሉ ቀን ከማድከም በቀን ሁለት ሰዓት፣ ለአራት ቀን፣ በ12 ሰው፣ ሥራው በሚሠራበት ክፍል ቆሞ ማሠልጠን ይሻላል። ቡናው አይቅር፤ የሚያፈላው ሰው ግን በየቀኑ ይቀያየር።

እጅ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት እንደኛ ባሉ አገሮች ሆስፒታል ከሚተኛ 100 ሰው 15ቱ ሲመጣ ያልነበረበትን ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው ተኝቶ ይይዘዋል። ይህን ቁጥር አንድ ጊዜ ተናገሩና ወደ ቧንቧው ሂዱ።

የማሳየው እንዲህ ነው። አንድ ፈቃደኛ ስስ ጓንት ያደርጋል፣ ዓይኑን በፎጣ አስራለሁ። መዳፉ ላይ በማንኪያ ቀለም አደርግና «ሁልጊዜ እንደምትታጠበው ታጠብ» እለዋለሁ። ሲጨርስ ዓይኑን እፈታለታለሁ። መዳፉ ጥቁር ሆኗል። አውራ ጣቱ ግን ነጭ ነው፤ የጣቶቹ ጫፍ ነጭ ነው፤ በጣቶቹ መሀል ነጭ መስመር አለ። አንድ የ20 ዓመት ልምድ ያለው የጤና መኮንን የራሱን ነጭ አውራ ጣት እያገላበጠ ሲያይ፣ «በዚህ ጣት ነው እኮ ካኑላውን የምጫነው» አለ። ከዚያ በኋላ እኔ ምንም መጨመር አላስፈለገኝም። ሁሉም በየተራው ይሞክር፤ ጊዜ ቢወስድም አታቻኩሉት።

አምስቱን ጊዜዎች በአልጋ ዙሪያ ቆማችሁ አሳዩ፦ ታካሚውን ከመንካታችሁ በፊት፤ ካኑላ እንደመክፈት፣ ቁስል እንደማሸግ ያለ ንጽሕና የሚፈልግ ሥራ ከመሥራታችሁ በፊት፤ ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ካገኛችሁ በኋላ፤ ታካሚውን ከነካችሁ በኋላ፤ ታካሚውን ሳትነኩ አልጋውን፣ ኮመዲኖውን፣ የግሉኮስ መስቀያውን ብቻ ነክታችሁ ስትሄዱ። የመጨረሻው ነው ሁሌ የሚረሳው። ጓንት መታጠብን አይተካም፤ ከማድረጋችሁ በፊትም ካወለቃችሁ በኋላም እጅ ይጸዳል።

በሳሙናና በውሃ ሲሆን ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ሲሆን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው። እጅ ደም ወይም የሚታይ ቆሻሻ ከነካው አልኮል አይበቃም፣ ውሃ ያስፈልጋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በየበሩ ቧንቧ ያለው ባልዲ ቆሞ ነበር። አሁን ብዙዎቹ ስቶር ተደርድረው አያለሁ። አውጧቸው። ቧንቧ ሲጠፋ ማዋለጃው ክፍል በር ላይ አንድ ባልዲ፣ ከሥሩም የእጣቢ መቀበያ ይቀመጥ። በጆግ ቀድቶ ከአንድ ሳፋ ውስጥ ሁሉም እየተነከረ የሚታጠብበት አሠራር ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

የእጅ አልኮል መግዛት ካቃተ ፋርማሲ ክፍሉ ሊያዘጋጀው ይችላል። በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ለ10 ሊትር፦ 96 በመቶ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98 በመቶ ግሊሰሮል 145 ሚሊ ሊትር፤ የቀረው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የተጣራ ውሃ። ተደፍኖ 72 ሰዓት ከቆየ በኋላ ነው ሥራ ላይ የሚውለው። ተቀጣጣይ ስለሆነ ቡና ከሚፈላበት ክፍል አርቁት።

በረኪናው

ሽታው ከበዛ ኃይሉም የበዛ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን በመቶኛ እዩ። የጠርሙሱን ቁጥር ለምትፈልጉት ቁጥር አካፍሉና አንድ ቀንሱ፤ የሚመጣው ለአንድ መለኪያ በረኪና የምትጨምሩት ውሃ ነው። 5 በመቶ የሆነውን ወደ 0.5 በመቶ ለማምጣት 5 ለ0.5 ሲካፈል 10፣ አንድ ሲቀነስ 9። አንድ ኩባያ በረኪና፣ ዘጠኝ ኩባያ ውሃ ማለት ነው። 4 በመቶ ከሆነ ውሃው ሰባት ኩባያ ይሆናል። 70 በመቶ የክሎሪን ዱቄት ከሆነ ደግሞ ለአንድ ሊትር ውሃ 7 ግራም ገደማ ይበቃል። ባልዲው ላይ መስመር አስምሩ፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ውሃውን እስከ ሰማያዊው መስመር፣ በረኪናውን በቀዩ ኩባያ ካለች ማንበብም ማካፈልም አይጠበቅባትም።

በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ። ብርሃንና ሙቀት ስለሚያደክመው ክዳን ይኑረው፤ የተበጠበጠበት ሰዓት በፕላስተር ላይ ተጽፎ ይለጠፍበት። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ቆሻሻ ወለል ላይ ማፍሰስም ብክነት ነው፤ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፣ ከዚያ በረኪናው ይከተል። ወለል ሲጸዳ ከንጹሑ ክፍል ተጀምሮ ወደ ቆሻሻው፣ ከላይ ወደ ታች ነው። ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ስለሚያስነሣ ክፍል ውስጥ በእርጥብ ብቻ ይወልወል። ደም ከፈሰሰ ጓንት አድርጎ ጨርቅ ወይም ወረቀት ማልበስ፣ 0.5 በመቶውን ማፍሰስ፣ 10 ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ ጠርጎ ማንሣት።

መሣሪያውና የጅማ ከፍታ

የእኔ ዘመን ሰዎች መቀሱንና ፎርሴፕሱን እንደተሠራበት በበረኪና ውስጥ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ ነው የተማርነው፤ አሁንም ብዙ ቦታ ይሠራበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ከመታጠቡ በፊት በኬሚካል መዘፍዘፉን አይመክርም። ደም ያለበት ላይ በረኪናው ኃይሉን ያጣል፣ ብረቱንም ያዝገዋል፤ የዛገ መቀስ ደግሞ ተቦርሾም አይጠራም። ዋናው ደም ሳይደርቅ ቶሎ ማጠብ ነው፦ ወፍራም የጎማ ጓንት፣ ኤፕረን፣ የዓይን መከላከያ አድርጎ፣ መገጣጠሚያውን ከፍቶ፣ በሳሙና ውሃ ውስጥ እንዳለ መቦረሽ፤ ከውሃው በላይ ከቦረሻችሁ ፍንጣሪው ፊት ላይ ነው የሚያርፈው። ተቋማችሁ የሚከተለውን መመሪያ ከአይፒ ኮሚቴው ጠይቁና ሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት ይሥራ፤ ማዋለጃው እንዲህ፣ ድሬሲንግ ክፍሉ እንዲያ እየሠራ መቀጠል የለበትም።

አሁን ደግሞ እኛ ጅማዎች በተለይ ልናውቀው የሚገባ ነገር። አውቶክሌቭ፣ መሣሪያን በእንፋሎት የምናመክንበት ማሽን፣ ተሕዋስያንን የሚገድለው በሙቀቱ ነው፤ 121 ዲግሪ ያስፈልገዋል። የተጠቀለለ ዕቃ 30 ደቂቃ፣ ያልተጠቀለለ 20 ደቂቃ፤ ሰዓቱ የሚቆጠረውም 121 ከደረሰ በኋላ ነው። መጽሐፉ ላይ «15 ፒኤስአይ» የሚለው ግፊት ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ 15 ሲያሳይ ውስጡ ያለው ሙቀት 121 አልደረሰም። በየ300 ሜትሩ ግማሽ ፒኤስአይ ገደማ ስትጨምሩ ለእኛ ወደ 18 ይመጣል። ስለዚህ የግፊት መለኪያውን ብቻ አትመኑ፤ ቴርሞሜትሩን አንብቡ፤ አምራቹ ከፈቀደው ግፊት ግን አትለፉ። ለዓመታት በ15 ስንሠራ ነበር፤ ይህን የነገረኝ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነው፣ ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

ማፍላትም ያው ነው። ጅማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ለ20 ደቂቃ ማፍላት ብዙ ተሕዋስያንን ቢገድልም እንደ ቴታነስ ያለውን ተሕዋስ ስፖር፣ ሙቀት የሚቋቋመውን ዘሩን፣ አይገድልምና አውቶክሌቭ እያለ ማፍላትን አትምረጡ።

ክረምታችን ረጅም፣ አየራችንም እርጥብ ነው። ከአውቶክሌቭ እርጥብ ሆኖ የወጣ ጥቅል ስቴራይል፣ ማለትም ከተሕዋስያን ሁሉ ነጻ፣ አይደለም፤ እርጥበቱ ተሕዋስያንን በጨርቁ በኩል ይስባል። ከማውጣታችሁ በፊት እዚያው በደንብ ይድረቅ፤ ውጭ ገመድ ላይ ወይም መስኮት ሥር አይቀመጥ። ጥቅሉን ስትከፍቱ የውስጥ ጠቋሚ ወረቀቱን ሳታዩ በዕቃው አትሥሩ።

ሰው ሲወጋ

ይህን ክፍል አስጠንታችሁ አስመልሱ። መጀመሪያ መከላከያው፦ ክዳን መልሶ አለመግጠም፣ ሴፍቲ ቦክሱን እጅ በሚደርስበት ማስቀመጥ፣ ሦስት አራተኛ ሲሞላ መዝጋት፣ መርፌን የተጠቀመበት ሰው ራሱ መጣል። የኔ ጥፋት የመጨረሻዋ ነበረች፤ ሳሠለጥን ሳልደብቅ እናገራታለሁ፣ ከዚያ በኋላ ሌሎቹም የየራሳቸውን ይናገራሉ።

ከተወጋ፦ ቦታውን በሳሙናና በውሃ መታጠብ። ጣትን እየጨመቁ ደም ማውጣት አይጠቅምም፤ በረኪናም አይደረግበትም። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ። ከዚያ ወዲያው ማመልከት። በኤችአይቪ ደም በተበከለ መርፌ የተወጋ ሰው የመያዝ ዕድሉ ከ1,000 ወደ 3 ገደማ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛው ሁሉ፣ ጽዳቱም ጭምር፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባቱን ይጨርስ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በቶሎ፣ ቢቻል በሰዓታት ውስጥ ይጀመራል፤ 72 ሰዓት ካለፈው አይጀመርም፤ የሚወሰደው 28 ቀን ነው። መድኃኒቱ ሌሊትና እሑድ የት እንደሚገኝና ማን ጋ እንደሚደወል በትልቁ ጽፋችሁ ከሴፍቲ ቦክሱ በላይ ለጥፉ።

የተወጋን ሰው የሚቆጣ ኃላፊ ያለበት ቦታ ሰዎች ይደብቃሉ። ኃላፊውን ስልጠናው ከመጀመሩ በፊት ብቻውን አግኙትና ይህን በትሕትና ንገሩት።

አስታማሚው

በእኛ አገር ታካሚ ብቻውን አይተኛም። እናት አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል፣ ጠያቂ ሁሉ እየሳመ ይገባል። ይህን መከልከል አይቻልም፤ እኔም አልፈልግም። አንድ አስታማሚ ይመረጥ፣ ገብቶ ሲወጣ እጁን እንዲታጠብ ባልዲው በሩ ላይ ይሁን፤ የሚያስል ሰው ደግሞ ማስክ አድርጎ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ። ጥበቃውን ያሠለጠናችሁት ለዚህ ነው፤ ከሁላችን በፊት ሕዝቡን የሚያገኘው እሱ ነው።

ሐሙስ ተመለሱ

ስልጠናው ካለቀ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ቀን፣ ሳትናገሩ ሂዱ። ሐሙስ ገበያ ስለሆነ የገጠሩ ሰው ከተማ ይገባል፤ ጤና ጣቢያውም ይሞላል። ባዶ ክፍል ውስጥ የሚታጠብን እጅ ማየት ምንም አይነግራችሁም። ጥግ ቆማችሁ 20 የእጅ መታጠቢያ አጋጣሚዎችን ቁጠሩ፤ ስንቱ ላይ ታጠቡ? ስም ሳትጠሩ ቁጥሩን ብቻ በማግስቱ የጠዋት ስብሰባ ላይ ንገሯቸው፣ በሚቀጥለው ወርም ድገሙት። ከዚያ ሳሙናውን ዳስሱ፣ በረኪናው ባልዲ ላይ የተጻፈውን ሰዓት አንብቡ፣ የአውቶክሌቩን መዝገብ ግለጡ። በመጨረሻም ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷን ጥቁሩን ከረጢት ስታስር ቆማችሁ ተመልከቱ፤ አፉን ይዛ ከፍ ካደረገችው ጥሩ ነው፣ በእጇ ከጫነችው ግን መርፌውን እንደገና ከመጀመሪያው ተከተሉት።